ሰው የሌለበት ክፍል ደወል

በዋናው መሥሪያ ቤት «ወንፊት» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት አንድ ቀልደኛ የሒሳብ ሹም ነው፤ በእሷ እጅ ያለፈ ነገር እንክርዳድ አይገኝበትም ብሎ። አዲስ ማሽን ሲገዛ፣ አዲስ አሠራር ሲመጣ፣ «እስቲ ወንፊት ትየው» ይባላል። እሷም ታያለች፣ ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች፤ የጻፈችውም ይሆናል። ሰውን ለማስደሰት ብላ «ጥሩ ነው» ብላ አታውቅም። አለቆቿ በዚህ ይፈሯታል፣ ባልደረቦቿ በዚህ ያሟታል፣ አባቷ ግን በዚህ ይመካባት ነበር። «ልጄ ጥሩ ነው ካለች ጥሩ ነው፤ አለቀ» ይል ነበር፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አባቷ የዚያው ድርጅት ጫኝና አውራጅ ነበር፤ ያውም በማቀዝቀዣው መጋዘን። ዕድሜውን ሙሉ በረዶ የሆነ ሥጋና ዓሣ ሲደረድር ስለኖረ ጣቶቹ ደርቀው ትንሽ ነገር አይጨብጡለትም። ስለዚህ ቤቱ ሲደርስ ቁልፉን ከኪሱ አያወጣም፤ ያንኳኳል። ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት አድርጎ። ሚስቱ «ቁልፍ እያለው እንደ እንግዳ የሚያንኳኳ ምን ዓይነት ሰው ነው?» እያለች ስትነዘንዘው፣ «ሰው ያለበት ቤት ይንኳኳል እንጂ ይከፈታል እንዴ?» ብሎ ያስቃታል። ጣቱ አልታዘዝ እንዳለው ለመናገር ያፍር ነበር። ይሉኝታው ብዙ ነው ሰውዬው፤ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚሁ ይሉኝታ ነው የተመዘዘው።

ሠራተኞቹ መጋዘኑን «ፍሪጁ» ይሉታል። ስሙ የወጥ ቤት ዕቃ ያስመስለዋል እንጂ ፎርክሊፍት ገብቶ የሚዞርበት አዳራሽ ነው። ግድግዳው በነጭ ቆርቆሮ ተለብጧል፣ ጣሪያው በረዶ ጋግሯል፣ ካርቶን በካርቶን ላይ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። በሩ ከመወፈሩ የተነሣ አንዴ ከተዘጋ ውስጥ መድፍ ቢተኮስ ውጭ አይሰማም። ከበሩ ጎን ግድግዳው ላይ የመስቀያ ረድፍ ነበር። የሚገባ ሰው የገዛ ጃኬቱን አውልቆ እዚያ ይሰቅልና የድርጅቱን ወፍራም ካፖርት ለብሶ ይገባል፤ ሲወጣ ጃኬቱን ይወስዳል። በሩን የሚዘጋው ካቦ ከመቆለፉ በፊት መስቀያውን ቀና ብሎ ያያል። ጃኬት ካለ ሰው አለ። ባዶ ከሆነ ይቆልፋል። ይህን ደንብ ማንም ጽፎት አያውቅም፤ ስቶት የሚያውቅም የለም።

ከዚያ ሲስተሙ መጣ። ሲነገር ያምራል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ካርድ ተሰጠው፤ ሲገባ በሩ ላይ ያለውን ማሽን ያስነካዋል፣ ሲወጣም ያስነካዋል። ሁሉም ካርድ ወጣ ማለት ሁሉም ሰው ወጣ ማለት ነውና፣ ሲስተሙ በሩን ራሱ ይቆልፋል፣ መብራቱን ያጠፋል፣ ትልቁን ማራገቢያ ይለቀዋል። የውስጥ እጀታውም አብሮ ይቆለፋል፤ ሰው ለሌለበት ክፍል እጀታ ምን ያደርግለታል? የሥራ ሰዓት አልቆ ያልወጣ ካርድ ካለ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ቀይ ይበራና ለሥራ አስኪያጁ መልእክት ይደርሰዋል።

ደወሉንም አርሞታል። ከድሮ ጀምሮ ከበሩ በስተውስጥ፣ ምናልባት ሰው ቢቆለፍበት ተብሎ የተተከለ ደወል አለ። በረዶ እየገባበት በየጊዜው በባዶ ይጮሃል፤ ዘበኞቹም ሰልችቷቸው ነበር። ሲስተሙ ግን ብልህ ነው። ደወሉ ሲነካ ውስጥ ካርድ ከሌለ፣ ድምፅ አያሰማም። «የመሣሪያ ብልሽት፤ ሰው የሌለበት ክፍል ደወል» ብሎ ይመዘግበውና ዝም ይላል።

ሥራ አስኪያጁ ሲስተሙን ወደ ሌሎቹ መጋዘኖች ሁሉ ለማዛመት ቸኩሏል። ያስገዛው እሱ ነው፤ የገዛውን የማይወድ ደግሞ የለም። ግምገማ ያስፈልጋል ሲባል ወንፊትን ጠራት።

«አንቺ የቤት ልጅ ነሽ» አላት። «አባትሽ እዚያው ነው፣ ካቦው በእቅፉ ያሳደገሽ ነው። ካንቺ የሚደብቁት ነገር አይኖርም።»

የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከባዕድ የሚደበቀው ነውር ነው፤ ከልጅ የሚደበቀው ግን ችግር ነው። የትኛው በጥብቅ እንደሚደበቅ ወላጅ ያለው ሁሉ ያውቃል።

ሄደች። ወንበር አስመጥታ ከፍሪጁ በር አጠገብ ተቀመጠች፤ አንድ ቀን አይደለም፣ ብዙ ቀን። ሠራተኞቹ ካርዳቸውን እንደ ተማሪ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ጓንታቸውን አውልቀው፣ እያስነኩ ይገባሉ፤ እያስነኩ ይወጣሉ። አባቷም በተራው ያስነካል፤ ካርዱን በሁለት መዳፉ መሐል አጣብቆ፣ ፈገግ እያለ። አንዳንዴ ማሽኑ በረዶ ይይዘውና ካርድ ይመልሳል። እሱንም ጻፈችው። በሩ አጠገብ ካለው መስኮት ደፍ ላይ የዱቄት ወተት ጣሳ አየችና «ይሄ ምንድነው?» አለች።

«የሚስማር ነው» አላት ካቦው። ከኋላው አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ይሄ ነገር ያስቸግራችኋል?»

«ምን ያስቸግራል ልጄ! ድሮ እንዲህ ያለውን የት አግኝተን!»

በግምገማው የመጨረሻ ማታ እራት ላይ አባቷን ጠየቀችው። «አባዬ፣ እኔ ነኝ የምጠይቅህ፣ መሥሪያ ቤቱ አይደለም። ሲስተሙ እንዴት ነው?»

አባቷ ከሳህኑ ቀና አላለም። «አንቺ ካየሽው በኋላ እኔ ምን እለዋለሁ? ጥሩ ነው።»

«ዓይኑን ሳያነሣ ጥሩ ነው ካለ ጥሩ አይደለም በይው» አለች እናቷ። «እኔ አምጥቶልኝ የማያውቀውን ሽቶ ‹ገዝቼልሽ ጠፋብኝ› ሲለኝ እንደዚሁ ነበር።» ሦስቱም ሳቁ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ወንፊት የእናቷን ቀልድ ሰምታ ሳቀች እንጂ አልተመዘገበላትም።

ሪፖርቱን ጻፈች። ሲስተሙ ሰው ውስጥ እያለ በር እንደማይቆልፍ አረጋገጠች። «የመግቢያና መውጫ መዝገቡ አያጠራጥርም» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባች። የሐሰት ደወል መቅረቱን አመሰገነች፤ የብልሽቱ ዝርዝርም ዘበኞቹን እንዳያሰለች ወደ ሌላ ገጽ እንዲዛወር መከረች። መስቀያው ደግሞ ይነሣ አለች፤ ሁለት አሠራር ጎን ለጎን ሲሄድ ሰው ሁለቱንም ይዘነጋል ብላ። አባባሉ ትክክል ነው። ከሁለቱ የትኛው መነሣት እንደነበረበት ነው የተሳተው።

ሥራ አስኪያጁ እጇን በሁለት እጁ ጨበጣት። መስቀያው ተነቀለ፤ ግድግዳው ተቀባ፤ ጃኬቶቹ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ወዳለው ሎከር ገቡ። አባቷ ሪፖርቱን ለማያውቀው ሰው ሁሉ አወራ።

ያላወራውን ነገር ግን ያወቀችው ከቀብሩ በኋላ ነው።

መስቀያው ከተነቀለ በኋላ አንድ ማታ አባቷ በሰዓቱ አልመጣም። እናቷ እራቱን ሁለቴ አሞቀች። መንኳኳቱ ሲቀር ቤቱ እንዴት ዝም እንደሚል ያን ዕለት ነው ያወቁት። ካቦው ጋ ተደወለ፤ «ሁላችንም ወጥተናል፤ እሱም ወጥቷል» አለ። የአባቷ ስልክም ዝግ ነው። ያኔ ልጅቱ ላፕቶፗን ከፈተች። ከቤት ሆና ሲስተሙን የማየት ፈቃድ አላት። የአባቷን ስም ፈለገች። «ወጥቷል» ይላል፣ በአረንጓዴ።

«ወጥቷል፣ እማዬ» አለች። «ከመጋዘኑ ወጥቷል። መንገድ ላይ ነው የሆነ ነገር የሆነው።»

«እርግጠኛ ነሽ? እዚያው ሄደን ብናይስ?»

«እማዬ፣ መዝገቡ አይሳሳትም አልኩሽ!»

ጮኻባት ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የምታስታውሰው ይህን ነው፤ እናቷ ላይ መጮኋን። ሁለቱም ነጠላ ጫማቸውን እንደተጫሙ ወጡ። ሆስፒታል ጠየቁ፣ ፖሊስ ጣቢያ ጠየቁ፣ በአውቶቡሱ መንገድ ሁሉ ቦይ ቦዩን እያዩ ሄዱ። መጋዘኑን ግን በአጠገቡ አለፉት። በሩ እንደተቆለፈ፣ ዘበኛውም ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ስክሪኑ ላይ ምንም አልበራም።

ጠዋት የመጀመሪያው ካርድ ሲነካ በሩ ተከፈተ። አባቷ ከደፉ ማዶ፣ ከደወሉ ሥር ተቀምጦ ተገኘ።

ካቦው ቤታቸው መጣ። ለሐዘን የመጣው ሰው ሁሉ እስኪሄድ ጥግ ይዞ ቆየና ልጅቱን ወደ ጓሮ ጠራት። ሰውዬው በአንድ ሳምንት ውስጥ ጃኬቱ ሰፍቶታል።

«የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ስሚኝ፣ አታቋርጪኝ። ካርድ በጓንት አይያዝም። ጓንት ስናወልቅ ደግሞ ጣታችን ብረቱ ላይ ይጣበቃል። ማሽኑ ይመልሰናል፤ እኛ ስንሰለፍ ሰዓት ያልፋል፤ ቀይ ይበራል፤ ሥራ አስኪያጅሽ ደውሎ ይሰድበናል። እንግዲህ ምን እናድርግ? ካርዱን ሁሉ ጣሳ ውስጥ ከተትነው። ጠዋት እኔ ሁሉንም አስገባለሁ፤ ማታ እኔ ሁሉንም አስወጣለሁ። መስቀያው እያለ ችግር አልነበረውም፤ ጃኬቱን አይቼ ነው የማስነካው።»

«እኔ ስቀመጥ ግን...»

«አንቺ ልትመጪ ነው ሲባል አባትሽ ሰበሰበን። ‹ልጄ ይህን ካየች ትጽፋለች› አለ። ‹ከጻፈች ከሥራ አስኪያጁ ጋ ትጣላለች፤ ያስገዛው እሱ ነው፣ መውጫ መግቢያ ያሳጣታል። እባካችሁ፣ እሷ እስክትሄድ እንደ ደንቡ እናስነካ፤ አታሳፍሩብኝ።› እንዴት እምቢ ይባላል? ልጃችን ነሽ። ስትሄጂ ወደ ጣሳው ተመለስን።»

«መስቀያው ሲነቀልስ? ለምን ዝም አላችሁ?»

ካቦው መሬት መሬቱን አየ። «አንቺ ነሻ የጻፍሽው። እሱ ‹ልጄ ካለች ምክንያት ይኖራታል› አለን።»

ከዚያ የዚያን ዕለቱን ነገራት። ሁሉም ተግተልትለው ወጥተዋል፤ አባቷም አብሮ። አንድ ክምር ግን ዘምሞ ነበር። ጠዋት በሚገባው ሰው ላይ እንዳይናድ ብሎ ተመልሶ ገብቷል፤ ሲገባም ካቦው ጀርባውን ሰጥቶ ካርዶቹን ከጣሳው እያወጣ ሲያስነካ ነበር። የመጨረሻው ካርድ ሲነካ በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ካቦው እንኳን የአባቷን ጃኬት፣ የራሱንም የሚያየው ሎከሩን ሲከፍት ነው።

«ክምሩን አቃንቶታል» አለ ካቦው። «ጠዋት ስናየው ቀጥ ብሎ ቆሟል።» ልታጽናናው ፈለገች፣ ልታንቀው ፈለገች፤ ሁለቱንም አላደረገችም።

ሰው ሁሉ እስኪተኛ አልጠበቀችም፤ በዚያው ከሰዓት ክፍሏን ዘግታ ላፕቶፗን ከፈተች። ወደ ሌላ ገጽ ይዛወር ያለችውን ዝርዝር ፈልጋ አገኘችው። «የመሣሪያ ብልሽት፤ ሰው የሌለበት ክፍል ደወል።» ከሥሩ ያው ነው። ከሥሩም ያው። ገጹን ብታንከባልለው አያልቅም። መጀመሪያ ላይ ተከታትሎ የተነካ ነው፤ የደነገጠ ሰው እንደሚነካው። ዝቅ ስትል ሰዓቶቹ ረጋ ይላሉ፣ መልክ ይይዛሉ። ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ ሦስተኛው ይርቃል። እንደገና ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ ሦስተኛው ይርቃል።

አባቷ ቤቱን እያንኳኳ ነበር። ከሽቦው ወዲያኛው ጫፍ ልጁ እንዳለች ያውቃል፤ ሥራዋ ማየት እንደሆነ ለሰው ሁሉ ሲያወራ የኖረ ሰው ነው። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። እሱ ጮኋል። እሷ ያን ሰዓት ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ አረንጓዴውን ቃል እያየች ነበር፤ ይህኛው ገጽ አንድ ጠቅታ ነው የሚርቀው። አፏን በትራሱ አፍና አለቀሰች።

ድርጅቱ ስብሰባ ጠራ። ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃ፣ ሁሉም ፊቱን ያጠቆረ። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሟች ወንድማችን ነበሩ። ግን መዝገቡ ወጥተዋል ይላል። ሥራ ካለቀ በኋላ ካርድ ሳያስነኩ ተመልሰው ከገቡ፣ ምን ሊያደርጉ ገቡ? ስለ ሟች ክፉ አይነገርም፣ እኔም አልናገርም። ግን እዚያ ውስጥ ያለው ዓሣ ውድ ነው።» ከዚያ ሪፖርቷን አነሣ። «የመግቢያና መውጫ መዝገቡ አያጠራጥርም። ይህን የጻፈችው የራሳቸው ልጅ ናት።»

ለዚህ ነበር የመጣችው። አባቷ ደሃ ቢሆንም የማንንም ሳይነካ የኖረ ሰው ነው፤ ሌባ ተብሎ ሊቀር አይገባም። ይህን ለማጥፋት ደግሞ የካቦውን ስም ጠርታ መስጠት ነበረባት። ተነሣች። አፏን ሳትከፍት ካቦው ከግድግዳው ሥር ተነሣ።

«ካርዱን ያስነካሁት እኔ ነኝ» አለ። «እሱ ክምር ሊያቃና ነው የገባው። ሌባ ብትሉት ግን እግዜር ይፍረድባችሁ።»

ከዚያ እሷ ተናገረች። ስለ ጣሳው፣ ስለ ጓንቱ፣ ስለ ቀዩ መብራት፣ ስለ መስቀያው። አባቷ ሠራተኛውን እንዴት እንደለመነላት ስትናገር ድምፅዋ ተቆራረጠ፤ ግን አልዘለለችውም። የደወሉን ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ሪፖርቴ የተሳሳተ ነው» አለች። «ሲስተሙ ካርድ ነው የሚቆጥረው፤ እኔ ደግሞ ሰው ይቆጥራል ብዬ ጻፍኩ። አነሣዋለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አገላበጠ፤ አንድ ነገር እንደቀለለው ሰው ትከሻው ወረደ።

«እንግዲያው ብልሽቱ የሲስተሙ አይደለም» አለ። «ሠራተኞቹ አለአግባብ ተጠቅመውበት ነው። ሲስተሙ የተነገረውን በትክክል መዝግቧል፤ ደወሉንም አልዘለለውም። ወንፊት፣ ይህን እንዲሁ አጥርተሽ ጻፊልን። ካቦው ጉዳዩን ለፖሊስ ያስረዳል።»

የስርቆቱን ነገር ማንም ድጋሚ አላነሣም። አባቷ ንጹሕ ሆነ፤ ሲስተሙም ንጹሕ ሆነ። ካቦውን ሁለት ፖሊሶች በመሐላቸው ይዘው ሲወጡ በመስኮት አየችው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይላል የድሮ ሰው። እንዲጻፍ የተባለውን አልጻፈችም። የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ ጥሩ አድርጎም ጻፈው፣ ሌሎቹ መጋዘኖች ውስጥ መስቀያ እየተነቀለ እንደሆነም ሰምታለች።

ቤት ስትደርስ እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የባሏን ጃኬት ታጥፋለች። ከሎከሩ አምጥተውላት ነው። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር።

«ምን አሉ?»

«ሌባ አይደለም ብለዋል፣ እማዬ። ክምር ሊያቃና ነው የገባው። ታውቋል።»

እናቷ ራሷን ነቀነቀች። ይህ ለእሷ ድሮም የታወቀ ነው። ጃኬቱን ዘርግታ እንደገና አጠፈችው። «እሱን አይደለም የምጠይቅሽ» አለች። «አንቺ ያንን ነገር ማንበብ ትችያለሽ። ብዙ ቆየ? ተሠቃየብኝ?»

ልጅቱ በሕይወቷ ለማንም ያላደረገችውን አደረገች። «አልቆየም» አለች። «ወዲያው እንቅልፍ ወስዶት ነው። ደወሉንም አልነካውም። እንደተኛ ነው የሄደው።»

ይህን ስትናገር ዓይኗ የጃኬቱ እጅጌ ላይ ነበር።

እናቷ ጃኬቱን አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ የልጇን አገጭ ቀና አደረገችው።

«አባትሽን ነሽ» አለች። «ቁርጥ አባትሽን።»